አዲስ ዕቃ ከተገጠመለት በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ ከሶኬቱ እስከ ዊንዶውስ

ትናንት ሲሠራ የነበረ ዴስክቶፕ ራም (የሥራ ማስታወሻ) ሲጨመርለት፣ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ሲገባለት ወይም ግራፊክስ ካርዱ ሲቀየር ድንገት አልነሳ ካለ ቶሎ የሚታሰበው «ማዘርቦርዱ ተቃጠለ» ነው (ማዘርቦርድ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ነው)። አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። ወይ የገባው ዕቃ ከማሽኑ ጋር አይስማማም፣ ወይ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ ደግሞ እሱን ለመግጠም የገባ እጅ ሌላ ኬብል አላልቶ ወጥቷል። ሦስቱንም ቤት ውስጥ፣ ያለ ብዙ ወጪ መለየት ይቻላል። ሰው የሚቸገረው ቅደም ተከተሉን ስለሚያፈርስ ነው፦ በአንድ ጊዜ ራሙን ያዟዙራል፣ ባትሪውን ያወጣል፣ ኬብል ይቀይራል። በመጨረሻ ማሽኑ ቢነሳም ባይነሳም ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም፦

- ባለ መስቀል ካቻቢቴ
- ነጭ ላጲስና ንጹሕ፣ ብናኝ የማይተው ጨርቅ
- ካሜራና መብራት ያለው ስልክ
- አንድ አዲስ ሲአር2032 ባትሪ (ክብ፣ 3 ቮልት)
- ካገኛችሁ መልቲ ሜትር
- ከሁሉም በላይ፣ ከማሽኑ የወጣው አሮጌ ዕቃ

የመጨረሻውን አደራ። አዲሱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይሠራ አሮጌውን ራም ወይም ዲስክ በልዋጭ ለሱቅ አትስጡ። አሮጌው ከእጃችሁ ከወጣ ከታች ያለው ዋነኛ ሙከራ አይሠራም፣ የቀራችሁ ግምት ብቻ ነው።

ሥራውን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ምንጣፍ፣ አልጋና የሱፍ ብርድ ልብስ አይሆኑም። በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ሲደርቅ ልብስና ምንጣፍ የሚያከማቹት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ራምና ፕሮሰሰር ይጎዳል። ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት ንኩ።

ማለፍ የሌለባቸው ማስጠንቀቂያዎች

*ስፒናው ይነቀል።* ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ስፒናው ሶኬት ውስጥ ካለ ማዘርቦርዱ ላይ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል አለ። በዚያ ሁኔታ ራም መንቀልና መክተት ራሙንም ቀዳዳውንም ሊያቃጥል ይችላል። ንቀሉት፣ ከዚያ የማስነሻ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ክፈቱ። ይህን በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል ድገሙት።

*ፓወር ሰፕላዩን (ከሶኬቱ ኃይል ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) አትክፈቱ።* በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

*ኬዙ የሚነዝር ከሆነ ሶኬት ቀይሩ።* ብረቱን ስትነኩ ቀለል ያለ መንዘር ካለ ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ የመሬት መስመር የለውም ማለት ነው። በቆዩ ቤቶች፣ እንዲሁም ሁለት እግር ብቻ ባለው አዳፕተር ላይ የተለመደ ነው። የጎን ብረቶች ያሉት ስፒና በትክክል የሚገባበት፣ መሬት ያለው ሶኬት ፈልጉ።

*መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል አትሞክሩ።* በሙከራ መሃል መብራት ከሄደ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመጣም የቤቱ አምፖል መርገቡን አይታችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ።

ደረጃ 1፦ ምልክቱን ለዩ

ከኋላ ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ ካለ መጀመሪያ ደረጃ 2፣ ቁጥር 4ን አንብቡ። ከዚያ ስፒናውን መልሱ፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫኑ፣ ሳትነካኩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተመልከቱ። ከአራቱ አንዱን ታያላችሁ።

ሀ. ምንም የለም። መብራትም ፋንም የለም። ችግሩ ኃይል ላይ ነው፤ በደረጃ 2 ጀምሩ፣ ካልተፈታ ወደ ደረጃ 4 እና ወደ ፓወር ሰፕላዩ ክፍል ሂዱ።

ለ. ፋኑ ዞር ብሎ ይቆማል፣ ወይም በየጥቂት ሰከንዱ ተነሥቶ ይጠፋል። የፕሮሰሰሩ የኃይል ኬብል ያልተሰካ፣ የሆነ ቦታ ሾርት ያለ ወይም ራሙ ያልተስማማ ሊሆን ይችላል።

ሐ. ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ከዕቃ ቅያሬ በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ለ ወይም ሐ ከሆነ ከደረጃ 2 ጀምራችሁ በተራ ሂዱ።

መ. የአምራቹ ምልክት ወይም ጽሑፍ ስክሪን ላይ ይመጣል፣ ዊንዶውስ ግን አይገባም። በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 እለፉ። ማሽኑ በሕይወት አለ።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ዲዲአር5 (አዲሱ የራም ትውልድ) ራም የሚወስዱ ማሽኖች አዲስ ራም ሲገባላቸው መጀመሪያ ራሙን ያለማምዳሉ። በዚያ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ለብዙ ደቂቃ ሊቆይ፣ ማሽኑም ራሱን አጥፍቶ ሊያስነሳ ይችላል። እንዲህ ያለ ማሽን ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ 15 ደቂቃ ሳትነኩት ጠብቁ። መሃል ላይ ስፒናውን የሚነቅል ሰው ሥራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ብልጭታውንና ድምፁን ቁጠሩ

ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ችግራቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ።

- አዳዲሶቹ ኦፕቲፕሌክሶች፦ 2 ብርቱካናማ ቀጥሎ 3 ነጭ ብልጭታ «ራም አላየሁም» ነው። 2 ብርቱካናማና 4 ነጭ «ራሙ ተበላሽቷል» ነው።
- የቆዩት ኤችፒ ኮምፓክ፦ 5 ቀይ ብልጭታ ከ5 ቢፕ ጋር ራም ነው። 6 ግራፊክስ፣ 4 ደግሞ የኃይል ችግር ነው።
- አዳዲሶቹ ኤችፒ ፕሮዴስክና ኤሊትዴስክ፦ 3 ረዥም ቀይና 2 አጭር ነጭ ራም ነው። 3 ቀይና 3 ነጭ ግራፊክስ ነው።

ኮዱ ራም ካላችሁ በደረጃ 2 ጊዜ አታባክኑ። ደረጃ 3ን አድርጉና ወደ ራሙ ክፍል ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ከኬዙ ውጭ ያለውን ጨርሱ

1. ዲቫይደሩንና ስታቢላይዘሩን ዝለሉ፤ ማሽኑን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩ። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር አረጋግጡ።

2. የኃይል ኬብሉን በሞኒተሩ ኬብል ቀይሩ፤ በብዛት አንድ ዓይነት ናቸው።

3. ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ወደ ሰረዙ ጎን ይሁን። ክቡ ጎን ጠፍቷል ማለት ነው። ኬዙ ሲገለበጥ ሳይታወቅ ይነካል።

4. ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ ካለ ቁሙና ቁጥሩን አንብቡ። 115 የሚል ከታየ *ስፒናውን አትሰኩ*። የእኛ አገር ኃይል 220 ቮልት ነው፤ 230 የሚለው መታየት አለበት። በ115 ላይ እያለ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ በድምፅ ይፈነዳል። ከአሜሪካ በመጡ ማሽኖችና በተናጠል በተገዙ ያገለገሉ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ይህን ሳያዩ መሰካት አይገባም። ማብሪያው ከሌለ የጎኑን ወረቀት አንብቡ፤ 100–240 የሚል ከሆነ ችግር የለም።

5. የስክሪን ኬብሉ የት ነው የተሰካው? ግራፊክስ ካርድ ከገባ ኬብሉ ከካርዱ ላይ እንጂ ከማዘርቦርዱ ላይ አይሰካም። ካርዱ ከወጣ ደግሞ ወደ ማዘርቦርዱ ይመለሳል። ሞኒተሩም ኤችዲኤምአይ ላይ ተሰክቶ ቪጂኤ እየጠበቀ ሊሆን ስለሚችል ከሞኒተሩ ሜኑ ትክክለኛውን መግቢያ ምረጡ።

6. ከዲስፕሌይፖርት ወይም ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ካለ እሱን ተጠራጠሩ። ርካሾቹ ቶሎ ይሞታሉ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻም ነው የሚሠሩት። ማሽኑ ቀጥታ ቪጂኤ መውጫ ካለው በዚያ ሞክሩ።

ደረጃ 3፦ ወደ ቀድሞው መልሱ

አዲሱን ዕቃ አውጡ፣ አሮጌውን በነበረበት ቀዳዳ መልሱ፣ አስነሱ።

*ከተነሳ*፦ ማዘርቦርዱም ፓወር ሰፕላዩም ጤነኛ ናቸው። ችግሩ ከአዲሱ ዕቃ ወይም ከአገባቡ ነው፤ ከታች ወደዚያ ዕቃ ክፍል ሂዱ።

*ካልተነሳ*፦ አዲሱ ዕቃ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። በመግጠም ጊዜ የተነካ ነገር አለ። ወደ ደረጃ 4።

ማሽኑን ከባዶ ለገጣጠማችሁ ሰዎች የሚመለሱበት «ቀድሞ» የለም። እናንተ ከደረጃ 4 ቀጥላችሁ በደረጃ 6 ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ደረጃ 4፦ እጅ የነካውን ሁሉ እንደገና ሰኩ

በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ነቅላችሁ መልሱ። «የተሰካ ይመስላል» በቂ አይደለም።

1. ዋናው የኃይል ኬብል፦ በመደበኛ ማዘርቦርድ ባለ 24 እግር ነው። በብዙ ኦፕቲፕሌክሶች ባለ 8፣ በብዙ የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ደግሞ ባለ 6 እግር ነው። መያዣው ጠቅ እስኪል ግፉት።

2. የፕሮሰሰሩ ኬብል፦ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 4 ወይም ባለ 8። ይህ ካልተሰካ ፋን ይዞራል፣ ስክሪን አይመጣም። በብዛት የሚረሳውም እሱ ነው።

3. የፕሮሰሰሩ ፋን በራሱ ቦታ ላይ፦ ሌላ ቦታ ከተሰካ ብዙ ማሽኖች የፋን ስህተት አሳይተው ይቆማሉ ወይም ይጠፋሉ።

4. ከፊት ቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ኬብል፦ ከወለቀ ማሽኑ ፍጹም የሞተ ይመስላል።

5. የወደቀ ብሎን፦ ኬዙን አዘንብላችሁ በቀስታ ነቅንቁ። ከማዘርቦርዱ ሥር የገባ አንድ ብሎን ሾርት ያደርጋል፣ ማሽኑም ዞር ብሎ ይቆማል።

6. የፊት ዩኤስቢ ቀዳዳዎች፦ ውስጣቸው ብረቱ ከብረት ከተነካካ ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። የፊት ዩኤስቢ ኬብሉን ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 5፦ ባዮሱን አጽዱ

ባዮስ ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ነው። ማጽዳቱ ማሽኑ ስለ አሮጌው ዕቃ የያዘውን ቅንብር የሚረሳበት መንገድ ነው። ከማድረጋችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ። የዲስክ አሠራሩና የቡት (የአነሳስ) ዓይነቱም አብረው ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳሉ፣ ዊንዶውስም አልገባም ሊል ይችላል። መፍትሔው ደረጃ 7 ላይ ስላለ አትደንግጡ።

1. ስፒናውን ንቀሉ፣ ቁልፉን ለ15 ሰከንድ ያዙ።
2. ክቧን ባትሪ ከመያዣዋ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ አውጡ። የመደመር ምልክቱ ወዴት እንደሚያይ አስታውሱ፤ በብዛት ወደ ላይ ነው።
3. 10 ደቂቃ ጠብቁ።
4. መልቲ ሜትር ካለ ለኩ። ከ2.8 ቮልት በታች ከሆነ ቀይሩት። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ሳትለኩም ቀይሩት።
5. መልሱ፣ ስፒናውን ሰኩ፣ አስነሱ።

በብዙ የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ማዘርቦርዱ ላይ ሲሞስ የሚል ቢጫ ቁልፍ አለ። ስፒናው ተነቅሎ እሱን ለጥቂት ሰከንድ መጫን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ሰዓትና ቀን ይዛባል። ዴል ደግሞ «የራም መጠን ተቀይሯል» ወይም «ክዳኑ ተከፍቶ ነበር» ብሎ ኤፍ1 ተጫኑ ይላል። እነዚህ ብልሽት አይደሉም፤ ተጭናችሁ እለፉ።

ደረጃ 6፦ አራቁታችሁ አስነሱ

ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከነፋኑ፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ። ሌላው ሁሉ ይውጣ፦ ዲስኮች፣ ካርዶች፣ ዩኤስቢ ላይ ያለ ሁሉ። ግራፊክስ ካርዱ የሚቀረው ፕሮሰሰሩ የራሱ ስክሪን መውጫ ከሌለው ብቻ ነው። ለምሳሌ ስሙ በኤፍ የሚያልቅ ኢንቴል የራሱ ግራፊክስ የለውም።

*ስክሪን ከመጣ*፦ የወጣውን አንድ በአንድ መልሱ፣ በየመሃሉ አስነሱ። ያቆመው ዕቃ ጥፋተኛው ነው።

*ካልመጣ*፦ ራሙን ጨርሶ አውጡና ያለ ራም አስነሱ። ይህ ሙከራ ብዙ ይናገራል። ማሽኑ ቢፕ ማለት ከጀመረ ወይም የብልጭታው ኮድ ወደ «ራም አላየሁም» ከተቀየረ ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩም እየሠሩ ነው፤ ችግሩ ራሙ ወይም የራሙ ቀዳዳ ነው። ቢፕ የሚል ስፒከር ወይም የኮድ መብራት የሌለው ማሽን ግን ዝም ቢል ምንም አያረጋግጥም።

ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ማሽን ከሆነ ማዘርቦርዱን አውጥታችሁ ካርቶን ላይ አስቀምጡት። የማስነሻ ቁልፉ ኬብል የሚሰካባቸውን ሁለት እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አነካኩ። ካርቶን ላይ ተነሥቶ ኬዝ ውስጥ የማይነሳ ከሆነ ከማዘርቦርዱ ሥር ያለቦታው የገባ የብሎን መቀመጫ አለ።

አዲሱ ዕቃ ራም ከሆነ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቸግረው ራም ነው።

*መጀመሪያ መቀመጡን እዩ።* ሁለቱንም መያዣ ክፈቱ፣ ክፍተቱን ከቀዳዳው ጉብታ ጋር አስተካክሉ፣ በሁለት አውራ ጣት ሁለቱን ጫፍ እኩል ግፉ። በየጫፉ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ ማዘርቦርድ በአንድ በኩል ብቻ ነው መያዣ ያለው፤ በዚያ ላይ መያዣ የሌለው ጫፍ ሳይገባ ይቀራል። የስልክ መብራት በጎን አብሩና ተመልከቱ። የወርቃማ ጥርሶቹ መስመር በአንዱ ጫፍ ቀጭን ሆኖ ከታየና በሌላው ከጠፋ፣ ራሙ ተንጋዷል። በትክክል ሲገባ ጠርዙ ከቀዳዳው ጋር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው።

*ጥርሶቹን አጽዱ።* ያገለገለ ራም ጥርሱ ላይ የሚይዘው ቅባትና አቧራ ለስክሪን መጥፋት የታወቀ ምክንያት ነው። በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ በአንድ አቅጣጫ ፍቁ፣ ፍርፋሪውን በጨርቅ ጥረጉ። ከፋርማሲ የሚገዛ 70% አልኮል ከተጠቀማችሁ ቀሪው ውሃ ስለሆነ 15 ደቂቃ ይድረቅ። ቀዳዳውን በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ ይገባል።

*ቀዳዳ በቀዳዳ ሞክሩ።* አንድ ራም ብቻ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ። ከዚያ ሌላውን ራም እንዲሁ። አራት ቀዳዳ ባለው መደበኛ ማዘርቦርድ ሁለት ራም ሲሆን በብዛት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ይገባል፤ ዴልና ኤችፒ ግን የራሳቸው ቅደም ተከተል ስላላቸው ቀዳዳው አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር ተከተሉ።

*ራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ።* ራሙ ቀዳዳው ውስጥ ገባ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ከወረቀቱ እነዚህን አውጡ፦

- ዲዲአር3 ላይ ከፍጥነቱ ቁጥር (ለምሳሌ 12800) ቀጥሎ ያለው ፊደል፤ ዲዲአር4 ላይ ደግሞ ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ ካለው ሰረዝ በኋላ የሚመጣው ፊደል። ዩ ከሆነ የዴስክቶፕ ነው፣ ኤስ የላፕቶፕ፣ አር የሰርቨር። የአር ራም ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 ዴስክቶፕ ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ይገባል፣ ተራ የቤት ማሽን ግን አይነሳበትም። በርካሽ የሚቀርብ ትልቅ ራም ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ፊደል ፈልጉ።
- ዲዲአር3 ላይ «ፒሲ3» እና «ፒሲ3ኤል» ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው 1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.35 ቮልት ነው። 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች ኤል ያለውን ይፈልጋሉ፤ በሌለው ብዙውን ጊዜ አይነሱም።
- ከ2ኛ እስከ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር የቤት ማሽኖች በአንድ ቀዳዳ የሚወስዱት ቢበዛ 8 ጊጋባይት ነው። 16 ጊጋ ዲዲአር3 ራም አይሠራላቸውም።
- «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚል ወይም ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ዲዲአር3 ራም በኢንቴል ማሽን ላይ ስክሪን አይሰጥም። አልተበላሸም፤ ለማሽናችሁ አይሆንም። መልሱት።

አሮጌውና አዲሱ ለየብቻ ሠርተው አብረው ካልሠሩ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ አይስማሙም። የቦታቸውን ቅደም ተከተል ቀይሩ፣ ባዮሱን አጽዱ፤ ካልሆነ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በሚመሳሰል ቁጥር አስቀይሩ።

ግራፊክስ ካርድ ከሆነ

ካርዱን አውጥታችሁ በማዘርቦርዱ መውጫ ማሽኑ ከተነሳ ሦስት ነገር ፈትሹ።

አንደኛ፣ ኃይል። የካርዱ ቀዳዳ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 እግር ኬብል 75፣ ባለ 8 እግር 150 ይጨምራሉ። ካርዱ ላይ የኬብል ቦታ ካለ ባዶ አይተውም። ትናንሾቹ ኦፕቲፕሌክሶች ይዘውት የሚመጡት ፓወር ሰፕላይ እንደ ሞዴሉ 180፣ 240 ወይም 255 ዋት ነው፤ ተጨማሪ ኬብል የሚጠይቅ ካርድ ለእነሱ አይሆንም። ከሳታ (የዲስክ ኃይል መሰኪያ) ወደ ባለ 8 እግር የሚቀይር ኬብል ገዝታችሁ አትሞክሩ። የሳታው መሰኪያ ያን ያህል ኃይል ስለማይችል ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል።

ሁለተኛ፣ ኬብል። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 እግር 4 እና 4 ሆኖ ይከፈላል፣ የካርዱ 6 እና 2 ሆኖ። ይመሳሰላሉ፣ ግን አንዱን በሌላው ቦታ በጉልበት ማስገባት ካርዱን ያቃጥላል።

ሦስተኛ፣ የቆየ ካርድ በአዲስ ባዮስ ላይ። ካርዱ ዩኢኤፍአይ (አዲሱን የባዮስ አሠራር) የማያውቅ ከሆነ ስክሪን አይሰጥም። የስክሪን ኬብሉን በማዘርቦርዱ መውጫ ሰክታችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ሴኪዩር ቡት የሚለውን አጥፉ፣ ሌጋሲ (የድሮው አሠራር) የሚለውን ፍቀዱ።

ፓወር ሰፕላይ ከሆነ

ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል አትጠቀሙ። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ቢሆንም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አሰላለፍ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ዲስክና ማዘርቦርድ በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ለዴልና ለኤችፒ የቢሮ ማሽኖችም መደበኛው ባለ 24 እግር ያለ ልዩ አዳፕተር አይሆንም።

ባለ 24 እግር የሆነውን ለብቻው ለመፈተሽ፦

1. ሁሉንም ኬብል ከማዘርቦርድ፣ ከዲስክና ከካርድ ንቀሉ። እንደ ጭነት አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ወይም የኬዝ ፋን ብቻ ይሰካ።
2. ስፒናው ተነቅሎ እያለ አረንጓዴውን ሽቦና ከጥቁሮቹ አንዱን በታጠፈ የወረቀት ክሊፕ አገናኙ። ኬብሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ ይህን ሙከራ ተዉት።
3. አሁን ስፒናውን ሰኩ፣ ማብሪያውን አብሩ። ክሊፑን አትንኩ።
4. ፋኑ ከዞረ ለኩ፦ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት።

ከዚህ ውጭ የሆነ ይጣላል። ልኩ ትክክል መሆኑ ግን ጭነት ሲመጣበት ይችላል ማለት አይደለም፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ በሌላ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ማስነሳት ነው።

ፕሮሰሰር ከሆነ

መግባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ባዮሱ ሊያውቀው ይገባል። 8ኛ ትውልድ ኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ ይቀመጣል፣ ግን አይነሳም። ኤኤምዲ ላይ አሮጌውን ፕሮሰሰር መልሳችሁ ባዮሱን አሻሽሉ፣ ከዚያ አዲሱን ግጠሙ። በማሻሻል መሃል መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ስለሚችል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ከሌለ ሥራው ወደ ባለሙያ ይሂድ። የእግር መጣመም ካለ (ኢንቴል ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ኤኤምዲ ኤኤም4 ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ) በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ ታዩታላችሁ። ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) በእያንዳንዱ መነቀል አዲስ ይደረጋል፤ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ስክሪን አለ፣ ዊንዶውስ የለም

*አዲሱ ኤስኤስዲ ባዶ ነው።* ዊንዶውስ ካልተጫነበት ወይም ከአሮጌው ካልተገለበጠበት «የሚነሳ ዲስክ የለም» ማለቱ ትክክል ነው። የገለበጣችሁ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱ አሮጌውን ዲስክ ንቀሉት፤ ሁለት መንታ ዲስኮች ዊንዶውስን ያምታታሉ።

*ባዮስ ውስጥ ዲስኩ ይታያል?* ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ካልታየ የሳታ ኬብሉንና ቀዳዳውን ቀይሩ። ኤም ዶት ቱ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን ኤስኤስዲ) ከሆነ ቀዳዳው የሚቀበለው ሳታ ነው ወይስ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ዓይነት) የሚለውን ከማዘርቦርዱ መመሪያ አረጋግጡ። በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ኤም ዶት ቱ ሲገባ ከሳታ ቀዳዳዎች አንዱ ይዘጋል፤ አሮጌው ዲስክ ድንገት ከጠፋ ወደ ሌላ ቀዳዳ አዛውሩት። አብዛኞቹ 4ኛ ትውልድ ማሽኖች በካርድ አዳፕተር ከገባ ኤንቪኤምኢ ዊንዶውስ አያስነሱም፤ ለእነሱ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ ግዙ።

*ይታያል፣ ግን አይነሳም።* ባዮሱን ካጸዳችሁ የቡት ዓይነቱ ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ ተቀይሮ ይሆናል። ወደ ነበረበት መልሱ።

*ሰማያዊ ስክሪን፣ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል።* ባትሪ ከወጣለት ዴል ላይ በተደጋጋሚ ይመጣል። የሳታ አሠራሩ ወደ ፋብሪካው ቅንብር፣ ወደ «ሬይድ ኦን» ተመልሷል፣ ዊንዶውሱ ግን የተጫነው በ«ኤኤችሲአይ» ነው። ባዮስ ገብታችሁ አንዱን በሌላው ቀይሩ፣ አስቀምጡ፣ አስነሱ። ይህን የሚያህል ትንሽ ነገር ሳይታይ ስንት የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ዲስክ ፎርማት ይደረጋል።

*ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ከጠየቀ* ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ነው። የዕቃው ለውጥ ቀስቅሶታል። በብዛት ቁልፉን ማሽኑ ሲዘጋጅ በተገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ከስልክ ታገኙታላችሁ። ቁልፉ ሳይገኝ ዲስኩን አትንኩ።

ወደ ሱቅ ወይም ወደ ባለሙያ ስትሄዱ

ራምም ሆነ ካርድ ለመግዛት ፒያሳ፣ ሜክሲኮ ወይም መርካቶ ስትሄዱ ኬዙን ይዛችሁ ሂዱ፤ ገንዘብ ሳትከፍሉ እዚያው ተገጥሞ ስክሪን ሲመጣ እዩ። ማሽኑን መውሰድ ካልቻላችሁ የአሮጌውን ዕቃ ወረቀት፣ የማሽኑን ሞዴልና የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት ፎቶ አንሡ። ዕቃው ላይ የሱቁ ስቲከር ካለ አትላጡት፤ ያለ እሱ አይመልሱላችሁም። ደረሰኙ ላይ ስልክ መኖሩን አረጋግጡ። የፒያሳ ብዙ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሱቅ ቦታ ስለቀየረ በሕንጻ ስም ብቻ ተመልሶ ማግኘት ያስቸግራል።

ባለሙያው ጋ ስትደርሱ «አልነሳም አለ» ብቻ አትበሉ። ምን ተቀየረ፣ ምልክቱ ከአራቱ የትኛው ነው፣ ብልጭታው ስንት ነው፣ አሮጌው ዕቃ ሲመለስ ምን ሆነ የሚለውን ከወረቀታችሁ አንብቡለት። ስክሪን ጥቁር ሆኖ ሳለ «ፎርማት ይደረግ» ካላችሁ ማሽኑን አንሡና ሌላ ጋ ሂዱ፤ ዊንዶውስ ስክሪን ከመምጣቱ በፊት ባለው ሥራ ውስጥ የለበትም።

በታክሲ ስትወስዱት ከባድ ግራፊክስ ካርድ ካለ ነቅላችሁ ለብቻው ያዙት፤ በመንገድ መንገጫገጭ ቀዳዳውን ይሰብራል። ዲስኩንም አውጥታችሁ ቤት አስቀሩ። ስክሪን የማይሰጥ ማሽን ለመመርመር ዲስክ አያስፈልግም።